የጋራው ጣሪያ ሲያፈስ



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪም ስለ ጎረቤት ሐቅም በየጊዜው ተጨዋውተናል። ዛሬ ሁለቱ የሚገናኙበትን አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለሚኖር ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የማይቀርለት የጋራ ጥገና ነው። ጣሪያ ያረጃል፤ የፍሳሽ ቧንቧ ይደፈናል፤ ልስን ይረግፋል። ታዲያ ማን ይወስን? ማንስ ይክፈል? ስንትና መቼ?

ነገሩን ከራሳችን ደጃፍ ብንጀምር ይሻላል። የምንኖርበት ሕንፃ ባለ አራት ፎቅ ሲሆን ሠላሳ ቤቶች አሉት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ባለቤቱና ተከራዩ፣ ነጋዴውና ጡረተኛው ተደባልቆ ይኖርበታል። የአረፋ በግ በሚታረድበት የጋራ ቤት የፋሲካውም በግ ይታረድበታል። በሐዘንም በደስታም ተለያይተን አናውቅም። ሆኖም አንድ ቀን ጠዋት ደረጃው ሥር አንዲት ወረቀት ተለጥፋ አገኘን፦ «ለጣሪያና ለፍሳሽ ጥገና እያንዳንዱ ቤት 30,000 ብር በ30 ቀን ውስጥ ገቢ እንዲያደርግ እናሳስባለን። ኮሚቴው።» ወረቀቷ ሦስት መስመር ብቻ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ግማሿ ተቀዶ ነበር።

ምድር ቤት ያሉት «ጣሪያው ምን አገባን? በእኛ ላይ አያፈስ!» አሉ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ «ፍሳሹ የሚገነፍለው ታች ነው፤ እኛ ጋ ምን ደረሰ?» አሉ። መካከል ያሉት ከላይም ከታችም እንደሌሉበት ተናገሩ። አንዳንዱ «ይህን ያህል ብር ማን ቆጥሮ አመጣው?» ሲል፣ ሌላው «ኮንትራክተሩ የማን ዘመድ ይሆን?» ብሎ ጠረጠረ። ወሩ ሲያልቅ የከፈሉት ስድስት ቤቶች ብቻ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኛም ካልከፈሉት መካከል ነበርን። ለዓመታት ያለ አንዳች ክፍያ ሲለፋ የቆየው የኮሚቴው ሰብሳቢ ተቀይሞ ማኅተሙንና መዝገቡን አስረከበ። ክረምቱም ሳይጠብቀን ገባ።

ሰው ለምን አልከፈለም?

«ስስት ነው» ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን በዚያው ወር አንድ ጎረቤታችን ታሞ ሆስፒታል ሲገባ፣ እነዚያው «አንከፍልም» ያሉ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ገንዘብ አሰባስበው አሳክመውታል። ታዲያ ለበሽተኛው የተፈታ እጅ ለጣሪያው ለምን ታሰረ? በሽተኛውን ሁሉም አይቶታል፤ ሁሉም ስለ እርሱ ተጠይቋል። ጣሪያውን ግን ከሠላሳው አባወራ ወጥቶ ያየው ሦስት ሰው እንኳ አይሞላም። ዋጋው የተነገረን ችግሩን ሳናውቅ ነው። ሳንጠየቅ ተወሰነልን፤ ከዚያም ክፈሉ ተባልን።

በዲናችን ሹራ ማለት መመካከር እንደሆነ ከልጅ እስከ አዋቂ እናውቃለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በኡሑድ ዘመቻ ዋዜማ ባልደረቦቻቸውን አማክረው፣ የራሳቸው ዝንባሌ መዲና ውስጥ መቆየት ሆኖ ሳለ የብዙዎቹን ሐሳብ ተቀብለው መውጣታቸው የታወቀ ታሪክ ነው። እንግዲህ መመካከር ማለት ያለቀለትን ውሳኔ ይዞ መጥቶ «የምትደግፉ እጅ አውጡ» ማለት አይደለም። ሐሳብ የሚጠየቀው ውሳኔው ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ ነው።

በማያሚ አቅራቢያ የደረሰው

ይህ ጣጣ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ከማያሚ ከተማ አጠገብ ሰርፍሳይድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የተባለ ባለ 12 ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነበር። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን 136 መኖሪያ ቤቶች ነበሩት። ነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ገንዘብ ያላቸው፣ የተማሩና ጠበቃ ማቆም የሚችሉ ነበሩ።

በ2018 አንድ መሐንዲስ ሕንፃውን መርምሮ ሪፖርት አቀረበ። በመዋኛው ዙሪያ ያለው ወለል ውሃ እንዲወርድበት ተዳፋት ሆኖ ባለመሠራቱ ውሃ እንደሚያቁር፣ የውሃ መከላከያውም እንዳለቀ፣ ከሥሩ ባለው የመኪና ማቆሚያ ምሰሶዎችና ጣሪያ ላይ ስንጥቅ እንደታየ ጻፈ። የጥገናው ግምት 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይሁን እንጂ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በተደረገ ስብሰባ አንድ የከተማው ባለሥልጣን ሕንፃው በጥሩ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ለነዋሪዎቹ መናገሩ በቃለ ጉባኤው ተመዝግቧል። እንግዲህ ነዋሪው የትኛውን ይመን?

ከዚያ በኋላ የሆነው የእኛን ደረጃ ሥር ጭቅጭቅ ይመስላል። «ወጪው በዛ»፣ «ለምን አሁን?»፣ «ማን አምኖበት?» ተባለ። በ2019 አብዛኞቹ የቦርድ አባላት ሥራቸውን ለቀቁ። በማኅበሩ የጥገና ተቀማጭ ውስጥ የነበረው ገንዘብ 1 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በ2021 ሚያዝያ ወር ላይ ግምቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ፣ የቦርዱ ሊቀመንበር ጉዳቱ እጅግ እየተባባሰ መምጣቱን ለባለቤቶቹ በደብዳቤ አስረዱ። ለአንድ ቤት የደረሰው ድርሻ ከ80 ሺህ ዶላር ተነሥቶ ለትልቁ ቤት ከ330 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በመጨረሻ ተስማሙ። ክፍያው የሚጀመረው ጁላይ 1 ቀን 2021 ነበር።

ሕንፃው ግን እስከዚያ አልቆየም። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2021፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰው በተኛበት ግማሹ ሕንፃ ተደረመሰ። 98 ሰዎች ሞቱ። የመጀመሪያው ክፍያ ሊሰበሰብ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር።

ለመደርመሱ ምክንያቱ ጭቅጭቁ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። የመዋኛው ወለል ከመነሻው የንድፍ ድክመት እንደነበረበት መርማሪዎች ገልጸዋል። ያም ሆኖ ከሪፖርቱ እስከ ስምምነቱ የባከነው ሁለት ዓመት ተኩል ሁሉንም ያስቆጫል። የፍሎሪዳ ግዛትም በ2022 ሕጉን አጠበቀ። ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ በባለሙያ እንዲፈተሹ፣ ለዋና ዋና የሕንፃው አካላት የሚቀመጠውንም የጥገና ገንዘብ ባለቤቶች እንደ ቀድሞው በድምፅ ብልጫ እንዳያስቀሩት ደነገገ። ለዓመታት ሳያጠራቅሙ የቆዩ ብዙ ጡረተኞች ታዲያ የዘገየው ዕዳ በአንድ ጊዜ ትከሻቸው ላይ ወደቀ።

ወደ ሠፈራችን ስንመለስ

በአገራችንም የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ መጥቷል። በአዋጁ መሠረት ቤት የገዛ ሰው የገዛው ከበሩ ወዲህ ያለውን ብቻ አይደለም፤ በጣሪያው፣ በደረጃው፣ በምሰሶውና በቧንቧው ላይም ድርሻ አለው። የባለቤቶቹ ማኅበርም የተቋቋመው ይህን የጋራ ንብረት እንዲያስተዳድር ነው። ስለዚህ «ጣሪያው ምን አገባኝ?» የሚለው የምድር ቤት ነዋሪ የራሱን ንብረት ነው የካደው። «ፍሳሹ ምን አገባኝ?» የሚሉት የላይኞቹም እንደዚያው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ለዕድለኞች ከተላለፉ ሃያ ዓመት እየሞላቸው ስለሆነ፣ ይህን ጥያቄ ከእንግዲህ የሚያመልጠው ሠፈር አይኖርም።

ክረምቱ ሲወጣ ሕንፃችን አዲስ ኮሚቴ መረጠ። ከተመረጡት አንዱ የሰባ ዓመት አዛውንት ሐጂ ነበሩ። ሐጂ በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ብር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «ልጆቼ፣ መጀመሪያ አብረን እንዞራለን፤ ስለ ገንዘብ የምናወራው ካየን በኋላ ነው» አሉ።

እሑድ ከዐስር ሰላት በኋላ ዞርን። ሰዓቱም በምክክር የተመረጠ ነበር። እሑድ ጠዋት ቢሆን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ዓርብ ቀትር ቢሆን እኛ ጁሙዓ ነን። የምድር ቤት ነዋሪዎች አራተኛ ፎቅ ወጥተው የአንዲት እናት መኝታ ቤት ገቡ። ኮርኒሱ ጠቁሯል፤ አልጋው ወደ መሐል ተስቧል፤ ሁለት ባልዲ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። «ክረምቱን ልጆቹን ሳሎን ነው ያስተኛኋቸው» አሉን። ከዚያ ደግሞ የላይኞቹ ወርደው የምድር ቤቱን መታጠቢያ አዩ። የእነርሱው እጣቢ በሰው ቤት ወለል ላይ ሲገነፍል በዓይናቸው ተመለከቱ። አንዱ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ አንገቱን ደፍቶ «ይቅር በሉኝ፣ እትዬ፤ ይህን ያህል መሆኑን አላወቅሁም» አለ። ከዚያ ወዲያ «ምን አገባኝ» የሚል ሰው አልሰማንም።

ደረጃ በደረጃ የሆነው

ከዚያ በኋላ የሠራነውን ለሌሎችም ይጠቅም እንደሆነ ብለን በዝርዝር እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ባለሙያ ተጠራ። ምን እንደተበላሸ የሚነግረን መሐንዲሱ ነው፤ በዚህ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ምሰሶ ከተሰነጠቀ፣ የዛገ ፌሮ ከታየ፣ እጅ አውጥተን «አልተሰነጠቀም» ልንል አንችልም። ብረት ሲዝግ ያብጣልና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ በዚያ ስንጥቅ ተጨማሪ ውሃ ይገባል። ስለዚህ የዘገየ ጥገና ሁልጊዜ ውድ ነው። የነዋሪው ድርሻ ግን የትኛው ይቅደም፣ በስንት ጊዜ ይከፈል፣ ማን ይቆጣጠር የሚለው ነው።

ምርመራውም አስገራሚ ነገር አወጣ። የቀድሞው ኮሚቴ ይለወጥ ያለው ጣሪያ ሙሉ በሙሉ መለወጥ አላስፈለገውም። አሸንዳው በቅጠልና በፌስታል ተደፍኖ ውሃው ወደ ግድግዳ ሲመለስ ነበር፤ በአንድ በኩል ያለው ቆርቆሮ ብቻ ምስማሩ ዝጎ ነበር። በአንጻሩ የፍሳሹ መስመር ከተገመተው በላይ ተበላሽቷል። የማንሆሉም ክዳን ከተሰበረ ቆይቶ ነበር፤ በዙሪያው ደግሞ ሕፃናት ይጫወታሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆነ፦ ለሕይወት የሚያሰጋው በቅድሚያ፣ ውሃና ፍሳሽ ቀጥሎ፣ ቀለምና ጌጥ በመጨረሻ። ክዳኑ በዚያው ሳምንት ተገጠመ።

ሁለተኛ፣ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ተለጠፈ። ማንም ቆሞ ያነብ ነበር። ጠቅላላው 780,000 ብር፣ ለአንድ ቤት 26,000 ብር ሆነ። ቤቶቻችን ስፋታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ እኩል ለመክፈል ተስማማን፤ ስቱዲዮና ባለ ሦስት መኝታ በተቀላቀለበት ሕንፃ ግን ድርሻው በስፋት ይሁን ወይስ በቤት የሚለውን ደንቡን አንብቦ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ሥራውም ተከፈለ። ለጣሪያው 10,000 ብር ቀድሞ፣ ለፍሳሹ 16,000 ብር ደግሞ በወር 2,000 ሆኖ በስምንት ወር እንዲከፈል ተወሰነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሦስተኛ፣ ያልተገኙት ተፈለጉ። ቤታቸውን አከራይተው ጂዳና ዱባይ የሚኖሩ ባለቤቶች ነበሩ። ወጣቶቻችን የጣሪያውንና የፍሳሹን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ላኩላቸው። አብዛኞቹ «ይህን ማን ነገረን!» ብለው ፈጥነው ከፈሉ። ተከራዮችም ተጠየቁ። የባለቤትነት ድምፅ ባይኖራቸውም ቧንቧው በየትኛው ሰዓት እንደሚገነፍል ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እናቶችም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው የቤቱን ሕመም ያውቃልና፣ በስብሰባ ላይ አባወራው ብቻ ይናገር ማለት ዕውቀትን ደጅ ማስቀረት ነው።

አራተኛ፣ መክፈል ያቃተው ስሙ በሰሌዳ አልተለጠፈም። ሐጂና አንዲት ክርስቲያን እናት ብቻ ሆነው በየቤቱ እየገቡ ችግሩን አዳመጡ። ለአንዳንዱ ጊዜ ተራዘመለት፤ ለአንዱ ጎረቤቶቹ በዝምታ ሸፈኑለት። የጎረቤትን ገመና መሸፈንም ከጥገናው አንዱ ክፍል ነው።

አምስተኛ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ አማና መሆኑ በሥራ ተገለጸ። ባንክ የገባው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት ነዋሪዎች ሒሳቡን መረመሩ፤ ደረሰኙ በየወሩ ተለጠፈ። ለኮንትራክተሩም ከመቶ አምስቱ ክፍያ ሥራው አንድ ክረምት እስኪፈተን ድረስ ተያዘ። ታማኝ ሰው ይህ ሲደረግ አይከፋውም፤ ከሐሜት ይጠብቀዋልና።

ወለዱስ?

በመካከል አንድ ሰው «ከባንክ ተበድረን ቶሎ እንጨርስ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሙስሊም ቤተሰቦች በወለድ መበደር እንደማንችል አስረዳን፤ ጎረቤቶቻችንም ሳያንገራግሩ ተቀበሉን። ይህን መናገር የሚገባው ግን ውል ከመፈረሙ በፊት ነው። ሙስሊሙ ከስብሰባ ቀርቶ ሲያበቃ «ገንዘቤን ወለድ ውስጥ አስገቡት» ብሎ ቢያማርር ጥፋቱ የማን ነው? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች በአገራችን ሥራ ስለ ጀመሩ፣ የማኅበሩን ተቀማጭ በዚያ ማስቀመጥም ሊጠየቅ የሚችል አማራጭ ነው።

ከእንግዲህስ?

እንዳታስቡ፣ ሁሉም ነገር አልተሟላም። ጣሪያው ከሰኔ በፊት አልቋል፤ ያቺም እናት ልጆቻቸውን ወደ መኝታ ቤት መልሰዋል። ፍሳሹ ትንሽ ዘግይቶ ተጠናቋል። ሁለት ቤቶች ግን ዛሬም ዕዳ አለባቸው፤ ቀለሙም ለከርሞ ተላልፏል። ነገር ግን አንድ ትምህርት ቀስመናል። ወር በገባ ቁጥር እያንዳንዱ ቤት 300 ብር ቢያስቀምጥ፣ ሠላሳ ቤት በወር 9,000፣ በዓመት 108,000፣ በአምስት ዓመት 540,000 ብር ያጠራቅማል። የዕቃ ዋጋ ስለሚጨምር መጠኑ በየዓመቱ በጉባኤ ይታያል። ይህን ስምምነት ፈርመን ጀምረናል።

ወጣቶች ሆይ! እናንተን በተለይ እንጠይቃለን። የሕንፃችሁን ጉዳት መዝግቡ፤ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቃለ ጉባኤ ጻፉ፤ ሒሳቡን በኮምፒዩተር አስተካክሉ። ከክረምት በፊት አሸንዳ መጥረግ ለአንድ ቅዳሜ የሚበቃ ሥራ ነው። ወላጆች ሆይ! ስብሰባ ሲጠራ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰው እንዴት እንደሚመካከር ቤታቸው ደጃፍ ላይ ይማሩ።

ኮሚቴዎች ሆይ! ዋጋ ከመለጠፋችሁ በፊት ሰው ጠይቁ። እኛ ነዋሪዎችም ስንጠየቅ እንገኝ። ያ ቀድሞ ተቀይሞ የሄደው ሰብሳቢ ዛሬ ከሒሳብ መርማሪዎቹ አንዱ ነው። ባለፈው ወር ደረጃው ላይ አግኝተነው፣ ያን ጊዜ ባለመክፈላችን ይቅርታ ጠየቅነው። «እኔም ሳልጠይቃችሁ ነበር የጻፍኩት» አለን። አብረን ሣቅን።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላም ያድርግልን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።